ሐረር የብብቷን ቤት አትጣል

ማልዶ ጊደር መጋላ የቆመ ሰው የሐረርን ኢኮኖሚ በአንድ እይታ ያገኘዋል። ከዙሪያው ገጠር የመጡ ሴቶች ድንች፣ ሽንኩርትና ማገዶ ዘርግተዋል፤ ከሥጋ ተራው በላይ ጭልፊቶች ያንዣብባሉ፤ ራቅ ብሎ በመኪና ግርግር የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ይንጫጫል። የገበያው ስም በሐረሪ ቋንቋ "ትልቁ ገበያ" ማለት ነው። ይሁንና ይህን ገበያ ገበያ ያደረገው በጆንያ የሚገባው ሸቀጥ ብቻ አይደለም። ከሱቆቹ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ፣ በእግር የ5 ደቂቃ ርቀት ላይ የሚኖረው ሰው ነው። የሚሸጠውም የሚገዛውም፣ የሚሸከመውም የሚሰፋውም እሱ ነው። የዚያ ሰው ጣሪያ ሲያፈስ ገበያውም አብሮ ያፈሳል።

የከተማ መሪዎች ስለ ዝቅተኛ ገቢ ነዋሪ ቤት ሲያስቡ ግን ዓይናቸው ቶሎ ወደ ባዶ ሜዳ ይሮጣል። አዲስ ቦታ፣ አዲስ ፕላን፣ የመሠረት ድንጋይ፣ በሪባን የታጠረ ብሎክ። ይህ በሐረር ብቻ የሚታይ አመል አይደለም፤ በመላ አገሪቱ የተለመደ ነው። ለሐረር ግን ከሁሉም በላይ ርካሹ ቤት ገና ያልተሠራው ሳይሆን አሁን ቆሞ ያለው ነው። የቆመውን ቤት እያፈረሰ ያለውም የነዋሪው ቁጥር ወይም የቤቱ ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ አንድ ጣሪያ እንኳን መጠገን የማይችል የኪራይ ሥርዓት ነው።

ከ1967 የተረፈ ዕዳ

ነገሩ የሚጀምረው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዕለት የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤትና ከ500 ካሬ ሜትር ያልበለጠ ቦታ ብቻ እንዲይዝ ተደነገገ፤ ግለሰብ ቤት ማከራየት ተከለከለ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም ተቀነሰ። በጊዜው ይህ ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ እንደነበር መካድ አይቻልም።

በሐረር ግን አዋጁ ብቻውን አልመጣም። 5 ወር ገደማ ቀደም ብሎ በየካቲት የገጠር መሬት ታውጆ ነበር። በከተማዋ ዙሪያ እርሻ፣ በግንቡ ውስጥ ደግሞ የሚከራይ ቤት የነበራቸው የሐረሪ ቤተሰቦች ሁለቱንም በአንድ ዓመት ውስጥ አጡ። ብዙዎቹ ወደ አዲስ አበባ መርካቶ፣ ከዚያም ወደ ቶሮንቶና ወደ ሌሎች የውጭ ከተሞች ተሰደዱ። ቤቱ ቀረ፤ ቤቱን መጠገን የለመደው እጅ ሄደ።

የሐረሪ ቤት ደግሞ ጥገና የሚወድ ቤት ነው። ወፍራም የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ፣ በኖራ የተለሰነ ፊት፣ ከውስጥ ለቤተሰቡና ለእንግዳው በየማዕረጉ የተከፋፈሉ 5 የመቀመጫ መደቦች አሉት። ኖራው በየጊዜው ካልታደሰ ዝናብ ይገባል፤ ዝናብ ከገባ ጭቃው ይሟሟል፤ ጭቃው ከሟሟ ድንጋዩ ይንሸራተታል። ለአንድ ቤተሰብ ታስበው ከተሠሩት ከእነዚህ ቤቶች የተወሰኑት በቀበሌ ሥር ሆነው በቀጭን ግድግዳ እየተሸነሸኑ ለብዙ ተከራይ ተሰጡ። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከቆጠራቸው ሀብቶች መካከል ከ82ቱ መስጊዶች ጎን እነዚህ መኖሪያ ቤቶች ይገኙበታል። ቅርሱ ታዲያ ሙዚየም ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም። ሰው ተከራይቶ የሚያድርበት፣ ወጥ የሚሠራበት፣ ልጅ የሚያሳድግበት ክፍል ነው።

ርካሽ ኪራይ፣ ውድ ጣሪያ

ስሌቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ ያህል የአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ኪራይ በወር 20 ብር ነው እንበል። በዓመት 240 ብር ይሆናል። የዚያን ክፍል ጣሪያ ለመለወጥ 30 ሺህ ብር ቢያስፈልግ፣ ኪራዩ አንድ ሳንቲም ሳይነካ ቢጠራቀም እንኳን 125 ዓመት ይፈጃል። አከራዩ ቀበሌ ቢሆን፣ ቅን ሰው ቢመራው፣ ሌብነት ጨርሶ ባይኖር መልሱ ያው ነው። ሒሳቡ አይገጥምም። ኪራዩ 300 ብር ቢሆን ግን በዓመት 3 ሺህ 600 ብር ይገባል፤ ጣሪያውም በ8 ዓመት ከ4 ወር ውስጥ ወጪውን ይመልሳል። 300 ብር ደግሞ የግል አከራይ ለአንዲት ጠባብ ክፍል ከሚጠይቀው እጅግ ያነሰ ነው።

"ኪራዩ ርካሽ ስለሆነ ድሃው ተጠቀመ" የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይሰናከላል። በኪራይ ያልተከፈለው ገንዘብ በሌላ በር ይከፈላል። ተከራዩ በላስቲክ ጣሪያ ይሸፍናል፤ በክረምት ልጁን ያሳክማል፤ በመጨረሻም ግድግዳው ሲደረመስ ቤቱን ያጣል። ሌላም አለ። በቀበሌው ኪራይና በገበያው ኪራይ መካከል ያለው ሰፊ ልዩነት አየር ላይ አይቀርም። በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች እንደሚታወቀው የቀበሌ ቤት ይዞ በጓሮ ለሌላ የሚያከራይ አለ፤ ቁልፍ የሚሸጥ አለ፤ በመካከሉ ኮሚሽን የሚበላ አለ። ደላሎች ይህን ከማንም የተሻለ ያውቁታል። ዋጋ በትእዛዝ ሲገታ ልዩነቱ አይጠፋም፤ ኪስ ይቀይራል እንጂ። የተቀየረበት ኪስ ደግሞ የጣሪያው ኪስ አይደለም።

አዲሱ ቤት ምን አስተማረ?

ለአዲስ ግንባታ የሚሟገቱ ወገኖች ኮንዶሚኒየምን ያነሳሉ። ማንሳታቸውም ተገቢ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባን የመራው የአቶ አርከበ ዕቁባይ አስተዳደር የጀመረው ሥራ በኢትዮጵያ ታሪክ ትልቁ የቤት ፕሮግራም ለመሆን በቅቷል። ቅድመ ክፍያ ከቆጣቢው፣ ቀሪው በረጅም ጊዜ ብድር ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ዕጣው በይፋ፣ ለሴቶች የተለየ ኮታ። በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች በግንባታው ሙያ ያዙ። መሪ ሲፈልግ ምን ማድረግ እንደሚችል ያሳየ ሥራ ነው።

ሆኖም የቁጥሩ መጽሐፍ ሁለት ገጽ አለው። ፕሮግራሙ በመላ አገሪቱ በ5 ዓመት ውስጥ 400 ሺህ ቤቶች ለመገንባት አቅዶ እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ የተገነቡት 171 ሺህ ያህል ነበሩ። በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው ምዝገባ ከ900 ሺህ በላይ ሰው ተሰልፏል። ዕጣ ከወጣላቸው ውስጥም ብዙዎቹ ወርሃዊ ክፍያው ከብዷቸው ቤቱን አከራይተው እነሱ ወደ ረከሰ ሰፈር ሄደዋል። በክልል ከተሞች ደግሞ ፕሮግራሙ ብዙም ሳይገፋ ቆሟል። የአዲስ አበባ ገቢና የመሬት ጥበት የወለደው ፎቅ ለትንንሾቹ ከተሞች ልክ አልሆነም።

አሁን ደግሞ የምንዛሪው ጉዳይ ተጨምሯል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ብረቱ፣ መስተዋቱ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ የቧንቧ ዕቃው የሚመጣው ከውጭ ነው። የፎቅ ቤት ዋጋ ግማሹ አካሉ በዶላር ይተነፍሳል ማለት ነው።

የጀጎል ቤት ግን በብር የሚተነፍስ ቤት ነው። ድንጋዩ ከአካባቢው ይወጣል፤ ጭቃው ከአካባቢው፣ ኖራው ከአገር ውስጥ ነው። ትልቁ ወጪ የግንበኛው እጅ ነው፤ የግንበኛው ደመወዝ ደግሞ ማታውኑ ተመልሶ ጊደር መጋላ ይወጣል። እንጨት በእርግጥ ተወዷል። ሲሚንቶም ቢሆን የአገሪቱ የመጀመሪያ ፋብሪካ የተተከለባት ድሬዳዋ ከሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ናት፤ ነገር ግን በጭቃ በታነጸ አሮጌ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ መለሰን እርጥበቱን ከውስጥ ያፍነዋል እንጂ አያድነውም። እዚህ ላይ ርካሹ ማቴሪያል ትክክለኛውም ማቴሪያል ነው። እንዲህ ያለ አጋጣሚ በኢኮኖሚ ውስጥ በየቀኑ አይገኝም።

ርቀትም ዋጋ አለው

ሌላው የሚረሳው ሒሳብ የመንገዱ ነው። በጊደር መጋላ ቅመም የምትቸረችር አንዲት እናት በግንቡ ውስጥ ካለችበት ክፍል ወጥታ ከከተማው ዳር አዲስ ቤት ደረሳት እንበል። አዲሱ ቤት ከድሮ ሰፈሯ የግል ኪራይ በ800 ብር ይረክሳል። ለባጃጅ ግን ስትሄድ 20፣ ስትመለስ 20 ብር ትከፍላለች። በወር 26 ቀን ከሠራች 1 ሺህ 40 ብር ነው። ረከሰ የተባለው ቤት በወር 240 ብር አስከስሯታል። በዚያ ላይ ማልዳ መድረስ ስላልቻለች የጠዋቷን ደንበኛ አጥታለች፤ ምሳ ለልጆቿ ቤት ገብታ መመለስ ቀርቷል፤ ዱቤ የምትሰጣት ጎረቤት የለችም።

ለነጋዴውም ቢሆን ይህ የሌላ ሰው ችግር አይደለም። ግንቡ ውስጥ ያለው ስፋት 48 ሄክታር ብቻ ነው። በዚህች ጠባብ ቦታ የተጠጋጋ ነዋሪ ማለት የተጠጋጋ ገዢ ማለት ነው። ነዋሪው ወጥቶ በቦታው የእንግዳ ማረፊያ ብቻ ቢገባ፣ ቱሪስት ፎቶ ያነሳል እንጂ በየማለዳው ሽንኩርት አይገዛም። ቱሪስት ባልመጣበት ዓመት ደግሞ ሁለቱም የሉም።

የዛንዚባር ትምህርት

ሐረር በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ ተጓዥ አይደለችም። የዛንዚባር አሮጌ ከተማ፣ ስቶን ታውን፣ እንደ ጀጎል የሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ያበለጸጋት የድንጋይ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1964 ከተካሄደው አብዮት በኋላ ባለቤቶቻቸው የሸሹና የተወረሱ ቤቶች በእጅጉ ዝቅተኛ በሆነ ኪራይ ለነዋሪ ታደሉ። ኪራዩ ጥገና አይሸፍንም ነበርና ቤቶቹ አንድ በአንድ መፍረስ ያዙ። መንግሥት የከተማዋን ጥበቃና ልማት የሚመራ ባለሥልጣን ያቋቋመው በ1985 ነው፤ ከ20 ዓመት በላይ ዘግይቶ። በ2000 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ደግሞ ሌላው ጫፍ መጣ። ቱሪዝሙ ሲደራ ብዙ ቤቶች ሆቴል ሆኑ፤ ቋሚው ነዋሪም ቦታው ጠበበው።

ስቶን ታውን ሁለቱንም ስህተት በተራ አሳይታለች። መጀመሪያ ኪራዩን አርክሶ ቤቱን መተው፤ ቀጥሎ ቤቱን ለገበያ ለቆ ነዋሪውን መተው። የሐረር መሪዎች ሥራ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ጠባብ መንገድ ማግኘት ነው።

ከመሪዎቹ ምን ይጠበቃል?

በርእሰ መስተዳድር ኦርዲን በድሪ የሚመራው የክልሉ አስተዳደር በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማት ስም የጀጎልን ገጽታ ለማደስ ተንቀሳቅሷል። በየክረምቱም በበጎ ፈቃድ ዘመቻ የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል። ሁለቱም በጎ ሥራ ናቸው። ነገር ግን የግድግዳ ቀለም ከመንገድ ይታያል፤ የጣሪያ ቀዳዳ የሚታየው ከውስጥ ነው። ዘመቻ ደግሞ ለአንድ ክረምት ይሠራል፤ ሥርዓት ግን ለሁሉም ክረምት። በመሆኑም ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ።

አንደኛው ጥገና የሚሸፍን ኪራይ ነው። ይህ ማለት የገበያ ኪራይ ማለት አይደለም። ጣሪያውንና ግድግዳውን የሚጠብቅ፣ ከዚያ ያላለፈ ኪራይ ማለት ነው። ጭማሪው ግን ወደ አጠቃላይ በጀት ገብቶ መጥፋት የለበትም። በተለየ ሒሳብ ተቀምጦ፣ የገባውና የወጣው በየ3 ወሩ በየሰፈሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ነዋሪ ጭማሪን የሚጠላው ክፍያውን ስለሚጠላ ብቻ አይደለም፤ የከፈለው ገንዘብ የት እንደደረሰ ስለማያይ ነው።

ሁለተኛው ዋስትና ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ የግል ተከራይ ቢያንስ የ2 ዓመት ውል እንዲኖረው አድርጓል። የቀበሌ ተከራይ ግን አሮጌ ደብተር ይዞ ነገ ይፈርስብኛል እያለ ይኖራል። እንዲህ ያለ ሰው ምስማር እንኳን አይመታም፤ እውነቱንም ነው። ለልጁ የሚያልፍ የረጅም ጊዜ የኪራይ መብት ይሰጠው፤ በተፈቀደለት የአሠራር ሥልት ሲጠግን ወጪው ከኪራዩ ይታሰብለት። በአንጻሩ ቤቱን ለሌላ በጓሮ ያከራየ መብቱን ይጣ። ቤት ለያዘ ሰው ውል ከመዶሻ ይበልጣል።

ሦስተኛው ብድር ነው፤ ሐረር ሌሎች ከተሞች የሌላቸውን ሀብት የያዘችው እዚህ ላይ ነው። አፎቻ ከጥንት ጀምሮ የሐረሪን ሠርግና ሐዘን ያቆመ ማኅበር ነው፤ ወንዶቹም ሴቶቹም የየራሳቸው አላቸው። በሌሎች ነዋሪዎች ዘንድም ዕድርና ዕቁብ አለ። ማን ታማኝ እንደሆነ፣ ማን በእርግጥ እንደተቸገረ፣ ማን አጭበርባሪ እንደሆነ ከባንክ ፋይል ይልቅ የአፎቻና የዕድር መሪዎች ያውቃሉ። የአገሪቱ ማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት በቡድን ዋስትና ማበደር ከጀመሩ ከ25 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ዘዴው ለላምና ለበግ ማድለቢያ ከሠራ ለጣሪያ የማይሠራበት ምክንያት የለም። 10 አባላት በተራ ቢጠግኑና አንዱ ለሌላው ቢዋስ፣ ኖራውንና እንጨቱን በጅምላ ይገዛሉ፤ አንድ ግንበኛ ቡድንም ዓመቱን ሙሉ ሥራ ያገኛል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ተቃውሞዎቹ

በዚህ ሐሳብ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች መነሳታቸው አይቀርም። የመጀመሪያው "ጡረተኛዋና ባል የሞተባት እናት ከየት አምጥተው ይከፍላሉ?" የሚል ነው። ጥያቄው ከባድ ነው፤ መልሱ ግን ሁሉንም ኪራይ ለሁሉም ማርከስ አይደለም። መክፈል የማይችለውን ለይቶ ድርሻውን ከክልሉ በጀት መሸፈን ነው። ሱቅ ያለው የቀበሌ ቤት ተከራይና በልመና የምትኖር አሮጊት እኩል ሲከፍሉ ፍትሕ አይደለም። ለይቶ የሚያውቃቸውም አፎቻውና ዕድሩ ነው።

ሁለተኛው "ቤቶቹ ለተከራዮቹ ቢሸጡስ?" የሚል ነው። በከተማ ዳር ላሉ ተራ ቤቶች ሊታሰብ ይችላል። በጊደር መጋላ ዙሪያ ግን ዛሬ በርካሽ የገዛ ድሃ ነገ በውድ መሸጡ አይቀርም፤ ማንም በእሱ ቦታ ቢሆን ያደርገዋል። ገዢው ደግሞ ሌላ ድሃ አይሆንም። ከሁለት ዝውውር በኋላ ደላላው ኮሚሽኑን፣ ባለሀብቱ ማረፊያውን ይይዛሉ፤ ከተማዋ ነዋሪዋን ታጣለች። ባለሀብት አይግባ ማለት አይደለም። በግንቡ ውስጥ የግል ቤት ያለውና ለቋሚ ነዋሪ በረጅም ውል የሚያከራይ ባለቤት የቤት ግብር ቅናሽ ቢያገኝ፣ ከማረፊያ ይልቅ መኖሪያ ማከራየት የሚያዋጣበት ጊዜ ይመጣል። ነጋዴን በስብከት ሳይሆን በሒሳብ ማሳመን ይቻላል።

ሦስተኛው "የቆመው ቤት አይበቃም" የሚል ነው። እውነት ነው፤ አይበቃም። ከግንቡ ውጪ የመኖሪያ ቤት ሕብረት ሥራ ማኅበራት ቦታ ያስፈልጋቸዋል፤ ቦታውም በጨረታ ብቻ የሚገኝ ከሆነ ሠራተኛው ፈጽሞ አይደርስበትም። ነገር ግን በአንድ በኩል አዲስ ቤት እየሠሩ በሌላ በኩል የቆመውን ማፍረስ ቀዳዳ እንስራ ይዞ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። በየክረምቱ ሊድኑ የሚችሉ ቤቶች ከፈረሱ የአዲሱ ግንባታ የመጀመሪያ ክፍል የሚውለው ቤት ያጡትን ለመመለስ እንጂ ቤት የሌላቸውን ለማስገባት አይደለም።

ከዚህ በኋላ የቀረው መለኪያው ነው። መሪ የሚመሰገነው በቆረጠው ሪባን ከሆነ ሪባን ይበዛል። የክልሉ ምክር ቤት በየዓመቱ ግንቦት መጨረሻ፣ ዝናቡ ሳይከብድ፣ አንድ ቁጥር ቢጠይቅ ግን ነገሩ ይለወጣል፦ ባለፈው ዓመት ያፈሱ ከነበሩት የቀበሌ ቤቶች ስንቶቹ ዘንድሮ አያፈሱም? ቁጥሩ ለፎቶ አይመችም። ቅመም ቸርቻሪዋ ግን ትረዳዋለች፤ የጊደር መጋላ ነጋዴም ይረዳዋል፤ ምክንያቱም እሷ ከሰፈሯ ሳትነቀል ስትቀር የሱ ገበያ አብሯት ይቀራል።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላል ያገራችን ሰው። ሐረር ወደ ቆጡ መንጠራራቷ አይከፋም። ብቻ መጀመሪያ ክንዷን ትጠብቅ።